ቀይ ቅዳጅ በገደሉ አፍ

ውሻው ሳይጮኽ ነው የመጣው።

ልብስ ሰፊው ያየው ከካቡ ሥር ብድግ ያለውን አቧራ ብቻ ነበር። ወዲያው ጓደኛው ሹፌሩ ጮኸ፤ ከጩኸቱ ጋር ጨርቅ ተቀደደ። ሰፊው ዕድሜውን ሙሉ ጨርቅ ሲቀድ ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ክፉ ድምፅ ግን ሰምቶ አያውቅም። ሹፌሩ የሱሪውን አንድ እግር ለውሻው ለቅቆ ካቡ ላይ ወጣና እንደ ዶሮ ተሰቀለ።

«አባባ! ኧረ ውሻዎን ይያዙልን!»

የውሻው ባለቤት ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሽማግሌ ነው። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሆነውን ያያል። ውሻውን አልጠራውም፤ አልገሠጸውምም።

«አባቴ፣ መንገደኞች ነን» አለ ሦስተኛው ጓደኛቸው፣ በያጁ። ፊቱን ያዞረው ግን ወደ ሽማግሌው ሳይሆን ወደ በሩ መቃን ነበር።

«መንገደኛ መሆናችሁንማ ውሻውም ያውቃል።»

ሽማግሌው ከመግባቱ በፊት ዓይኑ አጥሩ ጥግ ካለችው ቁጥቋጦ ላይ አረፈ። ሰፊው ቅድም፣ ውሻው ከመምጣቱ በፊት፣ ቀይ የጨርቅ ቅዳጅ ያሰረባት ቁጥቋጦ ናት። ሽማግሌው ምራቁን ተፋና በሩን ዘጋ። መወርወሪያው ከውስጥ ሲገባ ተሰማ።

«ሱሪውን የሰፋኸው አንተ ነህ» አለ ሹፌሩ ከካቡ ላይ ሆኖ። «ዋስትና የለውም?»

ሰፊው ሳቅ አልመጣለትም። በትሩን መዝዞ ውሻውን እያራቀ ጓደኞቹን በጠባቡ መተላለፊያ አሳለፋቸው።

ይህን ጉዞ ያሰቡት የዛሬ ስንት ዓመት ነው። የሰፊው ሱቅና የበያጁ ወርክሾፕ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ሹፌሩ ደግሞ ጭነት መኪናውን ከፊታቸው አቁሞ፣ ግማሹን ቀን እዚያው ሲያወራ ይውላል። ወሬው ማቆሚያ ስለሌለው «ፍሬን የለሽ» ይሉታል። ከተራራው ማዶ፣ ከመጨረሻው መንደር፣ የበያጁ ታላቅ እህት አለች። እናታቸው ስትሞት እሱን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አግብታ ከሄደች በኋላ መሬት ተንዶ የመኪናውን መንገድ ቆረጠው፤ ስልክም እዚያ አይደርስም። በእግር እንሄዳለን ይባላል፤ ከዚያ የትምህርት ቤት ልብስ ስፌቱ ይለፍ፣ የበር ትእዛዙ ይድረስ፣ የመኪናው ሞተር ይውረድ ይባላል። ዓመቱም ያልፋል።

አንድ ቀን በያጁ ከሐኪም ቤት ተመልሶ የሰፊው መተኮሻ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ያለ መነጽር ሲበይድ የኖረበት እሳት አንዱን ዓይኑን ወስዶታል፤ ሁለተኛውም እየተከተለ ነው።

«ሐኪሙ ማየት የምትፈልገውን ነገር አታቆይ አለኝ» አለ። «እኔ እሷን ሳላይ አይጨልምብኝም።»

ሰፊው ጥያቄ አላበዛም። መቀሱን አስቀመጠና የሱቁን መዝጊያ ጎትቶ ቆለፈ።

ይህ ሰው ከጨርቅ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ አይነጋገርም። ሳያሰምር አይቆርጥም። በማያውቀው ሰፈር ሲሄድ እንኳ ሰው ከመጠየቅ ዞሮ ዞሮ ራሱ ቢያገኘው ይመርጣል። ስለዚህ ከሹፌሩ መኪና የወንበር ልብስ የተረፈውን ደማቅ ቀይ ጨርቅ በረጃጅሙ ቀዶ ቀዶ ሻንጣውን ሞልቶታል። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር አንዷን ቅዳጅ ያስራል። ሲመለሱ ማንንም አያስቸግሩም።

ከመጀመሪያው መንደር በላይ፣ ሜዳው ላይ ያለው ሰፈር ፈራርሷል። ቤቶቹ በግማሽ ተቆርጠው ቆመዋል፤ የአንዱ ግድግዳ ላይ የመደርደሪያ ምስማር እንዳለ ነው።

«ዶዘር ነው» አለ ሹፌሩ፣ አፈሩ ላይ የታተመውን ሰፊ ዱካ በእግሩ እየረገጠ። «ይኼን ሁሉ ቤት ምን አጠፋህ ብሎ ነው?»

ከወደቀ ወጋግራ ላይ ፀሐይ ያነጣት ቅዳጅ ትወዛወዛለች። ድሮ ቀይ ነበረች። ሰፊው አለፍ ሲል ዳሰሳት። ጥጥ አይደለችም፤ ናይለን ነገር ናት። የጨርቁን ዓይነት ለየና መንገዱን ቀጠለ።

ዳገቱ ላይ በረዶ ያዛቸው። መጠለያ የሌለው ወና ተረተር ነው። ሰማዩ በአንድ ጊዜ ጠቆረና የባቄላ ፍሬ የሚያህል በረዶ ፊታቸውን ይወግር ጀመር። ሻንጣቸውን በራሳቸው ላይ ደፍተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው ቁጭ አሉ። ውሃው ከእግራቸው ሥር አፈሩን እየጠራረገ ቁልቁል ነጐደ። በያጁ የሰፊውን የሻንጣ ማንገቻ በሁለት እጁ ጨብጧል።

«እንዳትለቀኝ» አለ።

«አንተ ነህ የያዝከኝ» አለ ሰፊው።

በረዶው ሲያባራ እግራቸው ደንዝዞ፣ ልብሳቸው እንደ እርጥብ ቆዳ ተጣብቆባቸው ሁለተኛው መንደር ደረሱ። የመንደሩ ጉድጓድ ከመንገዱ ዳር ነው። የእንጨት ክዳኑ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለው ባልዲ ገና ይንጠባጠባል።

«እናቴ፣ የምንጠጣው ውሃ ቢሰጡን» አለ በያጁ።

«አልቋል።»

ሹፌሩ ባልዲውን አየ፤ አሮጊቷ ሲያይ አየችው። እግሯን አንሥታ ባልዲውን ገፋችውና ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ።

«አሁን አልቋል» አለች።

ከየቤቱ ሰው ብቅ ብቅ አለ። ሰፊው አንገቱን ደፍቶ አለፈ፤ መንደሩ ሲያልቅ ግን መንገዱ ሁለት ላይ ስለሚከፈል አንዷን ቅዳጅ ከግራር ቅርንጫፍ ላይ አሰረ። ከኋላው የሆነ ሰው አፉን ከፍቶ የሚጮኽ መሰለው። ዞር ሲል ሁሉም ገብተዋል፤ አሮጊቷ ብቻ ክዳኑ ላይ ናት።

«ምን አድርገናቸው ነው?» አለ ሹፌሩ። ከተነሱ ጀምሮ ድምፁን ዝቅ ያደረገው አሁን ገና ነው።

«እንግዳ አይወዱ ይሆናላ» አለ ሰፊው።

«ይኼማ አለመውደድ አይደለም። አለመውደድን እኔ አውቀዋለሁ፤ አማቴ ጋ ስሄድ አየዋለሁ።»

ከተራራው መተላለፊያ በታች ጉም ወረደባቸው። መጀመሪያ ጫፉ ጠፋ፤ ቀጥሎ ዳገቱ፤ በመጨረሻ የሹፌሩ ጀርባ ራሱ። ወደ ላይ የሚወስደውን ዱካ ሳቱት። ዙሪያውን በእጃቸው እየዳበሱ ቢፈልጉትም ድንጋይ ብቻ ሆነ። ጓደኞቹ ሰፊውን ጠበቁት፤ ሰፊውም ለዚሁ ነው የደከመው።

«ወደ መጨረሻዋ ቅዳጅ እንመለስ» አለ። «ከእሷ ተነሥተን እንደገና እንያዘው።»

ቀይዋ ከጉሙ ውስጥ ቶሎ ብቅ አለች፤ ካሰቡት ይልቅ ቀርባ። ቀጥላ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ሰፊው ደስ አለው፤ እርምጃውን አፈጠነ። እንዲህ አቀራርቤ አስሬያለሁ እንዴ ብሎ ልቡ ጠየቀው፤ እግሩ ግን አልሰማውም።

«ቁሙ!» ብሎ በያጁ ማንገቻውን ወደ ኋላ ጎተተው።

«ምን ሆንክ?»

«ነፋሱ ከታች ነው የሚመጣው። ከእግራችን ሥር።»

ሰፊው ድንጋይ አንሥቶ ወደፊት ወረወረ። የማረፊያውን ድምፅ ጠበቁ። ቆየ፤ በጣም ቆየ። ከሩቅ፣ ከጥልቁ፣ ቀጭን ኳኳታ ተሰማ። ሹፌሩ በተቀደደ ሱሪው እዚያው ቁጭ አለ።

ከገደሉ አፍ ላይ፣ ከአንዲት ደረቅ ግንድ፣ የመጨረሻዋ ቅዳጅ ታስራለች። ሰፊው በሆዱ ተስቦ ደረሰባት። ጨርቁ የእሱ ነው፤ ቋጠሮው ግን የእሱ አይደለም። እሱ ሲያስር ጫፉን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ይቺ እንደ ጭነት ገመድ ድርብ ተጠልፋለች።

«ሰው ነው ያዛወራት» አለ።

ጉሙ ተገፈፈ። ያሉበት ቦታ ከግራ ገደል፣ ከቀኝ ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ የሆነ ጠባብ ሰገነት ነው። መውጫው የመጡበት አንድ በር ብቻ ነው። ከላይ ጠጠር ይንኮታኮት ጀመር።

«ዝንጀሮ ነው» አለ ሹፌሩ ቀና ብሎ። «አይዟችሁ፣ ዝንጀሮ…»

አንድ ድንጋይ እያፏጨ ጆሮውን አልፎት ግንቡ ላይ ተበተነ።

«ዝንጀሮ ወንጭፍ አይፈትልም» አለ በያጁ።

ከዚያ ቋጥኙ መጣ። መጀመሪያ ነጐድጓድ መሰለ። ሰፊው በያጁን ገፍቶ ከግንቡ ሥር ባለች ጎሬ ውስጥ ወተፈው፤ ሹፌሩ ግን ገና ከተቀመጠበት እየተነሣ ነበር። ቋጥኙ አንድ ጊዜ ነጠረ፤ በሁለተኛው ትከሻውን መትቶት ወደ ገደሉ አለፈ። ሹፌሩ አልጮኸም። አፉን ከፍቶ ቀረ። ከአንገቱ በታች ያለው አጥንት ቆዳውን ወደ ላይ ገፍቶት ይታያል። ሰፊው በብብቱ ይዞ እየጎተተ ወደ ጎሬዋ አስገባው።

ከላይ የሴት ድምፅ መጣ። ወፍራም፣ ጉምና ነፋስ የለመደ ድምፅ ነው።

«መሬታችንን ለካችሁ! አሁን ገደሉንም ለኩ!»

በያጁ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ምን አልክ?»

«ምንም» አለ በያጁ። «ድምፁ… ምንም።»

ሰፊው ግን «ለኩ» የምትለዋ ቃል ጭንቅላቱ ውስጥ ቀርታለች። የተቆረጡት ቤቶች ታዩት። ወጋግራው ላይ የነጣችው ናይለን ታየችው። መሬት የሚለካ፣ ምልክት የሚያስር ሰው መጣ፤ ከምልክቱ ኋላ ደግሞ ዶዘሩ መጣ። እሱም ከመንደር መንደር፣ በየአጥሩ ጥግ፣ በየደጃፉ ያንኑ ቀይ እያሰረ ወጣ። ጨርቁን በእጁ ዳስሶ ጥጥ አለመሆኑን ለይቷል፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቀም። አንድ በር አንኳኩቶ «ይህ ምንድን ነው?» ቢል ኖሮ ሹፌሩ ትከሻው በቦታው ነበር።

«ጠላታቸው እኛ አይደለንም» አለ። «ጨርቁ ነው።»

«ንገራቸዋ!» አለ ሹፌሩ በጥርሱ መሃል።

ሰፊው ራሱን ብቅ አድርጎ ጮኸ። ነፋሱ ቃሉን ጠራርጎ ወሰደው፤ በምላሹ ከወንጭፍ የወጣ ድንጋይ የጎሬዋን ከንፈር ሸረፈው። ሁለተኛ ሞከረ፤ ሁለት ድንጋይ መጣ። ከዚያ በኋላ ቃል እንደማይሰራ ገባው።

ዓይኑን ጨፈነ። እሱ ጸሎት የሚያረዝም ሰው አይደለም። «አምላኬ፣ እኔ ያሰርኩትን እኔ እስክፈታው ጠብቀኝ» አለና ወጣ።

ባዶ እጆቹን ከፍ አድርጎ ወደ ገደሉ አፍ፣ ወደ ደረቁ ግንድ ሄደ። አንድ ድንጋይ እግሩ ሥር ወደቀ። አልቆመም። ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረ። ድርብ ጠለፋው በውርጭ ጠንክሯል፤ ጥፍሩ ተላጠ። አንድ ድንጋይ የግራ እጁን ጀርባ አገኘው፤ ጣቶቹ ወዲያው ደነዘዙ። በጥርሱ ያዘው። ቋጠሮው ላላ። ቅዳጇን አንሥቶ፣ ከላይ ያሉት እንዲያዩት ዘርግቶ፣ አንገቱ ላይ ጠመጠማት። ቀና ብሎ ሳያይ ወደ ቀጣይዋ ሄደ።

ከሰገነቱ ወደ ዳገቱ የሚያወጣው በር በትክክል ከወንጭፉ ሥር ነው። ሰፊው እዚያ ደረሰ። ቀጣይዋ ቅዳጅ እዚያው ናት። በእጁ ጨርቅ እንጂ ሌላ ነገር እንደሌለ እያሳየ ፈታት። የሚቀጥለው ድንጋይ የት እንደሚያርፍ ጠበቀ። አንገቱን፣ ግንባሩን፣ የጎድን አጥንቱን አሰበ።

ድንጋዩ አልመጣም።

ከቋጥኞቹ ኋላ ተነሡ። ዱላ የያዙ ወንዶች፣ ማጭድ የያዘ አንድ ወፍራም ሰው፣ ከፊት ደግሞ ወንጭፍ በእጇ የተጠቀለለ ሽበታም ሴት። ማንም መሣሪያውን አላወረደም።

«ማን ላካችሁ?» አለ ባለማጭዱ።

«ማንም አልላከን።»

«ምን ትሠራለህ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ልብስ ሰፊ ተራራ ላይ ምን ይሰፋል?»

«መንገድ እንዳይጠፋኝ ብዬ ነው ያሰርኩት። ሌላም አለ፤ እስከ ታች ድረስ አስሬያለሁ። አሁኑኑ ወርጄ እፈታዋለሁ።»

«የታቹን እኛ ፈትተነዋል» አለች ሴትየዋ። «በርህ ላይ ቀይ አይተህ ታውቃለህ? ጠዋት ተነሥተህ? የባሌን ወንድም ቤት ከነአልጋው ነው የገፉት። አንሳሳትም አሉን፣ ቀይ ካለበት ውጪ አንነካም አሉን።» ወንጭፉ በእጇ ላይ ጠበቀ። «አንተ ደግሞ ለመንገድህ ነው!»

ከኋላ ድንጋይ ተንኳኳ። በያጁ ግንቡን በመዳፉ እየዳሰሰ ከሰገነቱ እየወጣ ነው። ሰዎቹ ዱላቸውን አነሡ። እሱ አላያቸውም፤ ወደ ድምፁ ብቻ ይሄዳል።

«እታለም» አለ።

ሴትየዋ ደነገጠች። «እንዲህ የሚጠራኝ ሰው እዚህ የለም።»

«እዚያ ነበር። ከወፍጮ ቤት አዝለሽኝ ስትመለሺ ዱቄቱን ደፋሽብኝ። አባታችን እንዳያይ ብለሽ በወንዝ ውሃ አጠብሽኝና ሊጥ አደረግሽኝ።»

ወንጭፉ ከእጇ ወደቀ። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች፤ ዓይኖቹን አየች፤ አንዱ ነጭ፣ ሌላው ፍም የመሰለ።

«ዓይንህ ምን ሆነ?»

«እሳት። ቅረቢ፣ ከዚህም አትታዪኝም። ቅረቢ።»

ቀረበች። በሁለት እጁ ፊቷን ያዘና ወደ ደኅናው ዓይኑ፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ እስኪነካካ ድረስ አስጠጋው። ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አገጯን ቀስ ብሎ አለፈበት። ነፋሱ ሽበቷን በፊቱ ላይ በተነው።

«ሸበትሽ» አለ።

«ያንን ቋጥኝ የለቀቅሁት እኔ ነኝ» አለች። እጁን ከፊቷ ላይ አላነሣችም፤ እንባዋ ግን በጣቶቹ መሃል ወረደ። «አንተ ላይ ነው የለቀቅሁት።»

ሹፌሩ ከጎሬዋ ውስጥ ሆኖ ሰምቷል። «እኔ ላይ ነው እንጂ!» አለ። «ከአንቺ ወንድም ጋር የሚሄድ ሰው ኢንሹራንስ መግባት አለበት!»

ማንም አልሳቀም። ባለማጭዱ ሰፊው ፊት መጥቶ ቆመ።

«ወንድም ሆነም አልሆነም፣ ጨርቁን አምጣ።»

ሰፊው ከአንገቱ ፈታው። ሻንጣውንም ገልብጦ የቀረውን ሁሉ አወጣ። እሳት አነደዱና አንድ በአንድ ጣሉት። መጨረሻዋ ዐመድ እስክትሆን ድረስ ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

በመጨረሻው መንደር ቤት ያስገባቸው የለም፤ ጭድ ማስቀመጫ ሰጧቸው። ምግብ የሚያመጣው ሰው ደፍ ላይ አስቀምጦላቸው ሳያናግራቸው ይመለሳል። ወጌሻው የሹፌሩን ትከሻ ሲያስተካክል አዝኖለት ቀስ አላለም። ሰፊው የራሱን ሸሚዝ ቀዶ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠለጠለለት። እህትየው በየጠዋቱ ትመጣና ከወንድሟ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። ብዙ አያወሩም። እሱ ያያታል፤ እሷ ትታያለች።

የመመለሻው ቀን በያጁ «እኔ እቀራለሁ» አለ። «የዓይኔ ብርሃን እስኪያልቅ እሷን ልይበት። ሲያልቅ መጥታችሁ ትወስዱኛላችሁ።»

ሰፊውና ሹፌሩ ሁለት ሆነው ወረዱ። መንገዱ ከተራራው መተላለፊያ በታች ሲከፈል የሰፊው እጅ በልማዱ ሻንጣው ውስጥ ገባ። ባዶ ነው።

«በግራ ይመስለኛል» አለ ሹፌሩ። «እንገምት።»

ሰፊው ከዳገቱ ጥግ ያለች ጎጆ አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሄዶ በሩን አንኳኳ። የወጣው ሰው ከላይ እስከ ታች አየው፤ እጁንም፣ የሹፌሩን ትከሻም፣ ሻንጣውንም አየ።

«ወንድሜ፣ መንገዱ በየት ነው?»

ሰውየው በአገጩ ወደ ቀኝ ጠቆመና በሩን ዘጋ። ሹፌሩ እየሳቀ አቃሰተ፤ ትከሻው አላስችል አለው። ከዚያ ወዲህ ሰፊው የታጠፈውን ሁሉ ጠየቀ። አንዱ ዝም አለው። አንዷ በተሳሳተ በኩል ላከችውና ዞሮ መጥቶ እንደገና ጠየቃት፤ ሁለተኛውን ጊዜ ትክክሉን ነገረችው።

ጉድጓዱ ጋ ሲደርሱ አሮጊቷ ክዳኑ ላይ ናት። ከንፈራቸው ተሰንጥቋል። ሰፊው ስለ ውሃ አልተናገረም። ከግራሩ አጠገብ፣ ያኔ ቅዳጅ ካሰረባት ቅርንጫፍ ሥር ቆመ።

«እናቴ፣ ከዚህ ወደ ታች የሚወስደው የትኛው ነው?»

አሮጊቷ ቅርንጫፏን አየች። ባዶ ናት። እሱን አየች። መንገዱን አላሳየችውም። በትሯን ተደግፋ፣ ወገቧን ይዛ፣ ቀስ ብላ ከክዳኑ ላይ ተነሣች፤ ባልዲውን ክዳኑ አጠገብ ትታላቸው፣ ጀርባዋንም ሰጥታቸው ወደ ቤቷ ሄደች።